እትዬ ብርቄ ለቀብራቸው ያስቀመጡት መድን

ወልድያ፣ ንጋት ላይ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስሁ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሾፌሩ ግን «አንድ ሰው፣ መርሳ!» ማለቱን አልተወም። የምሄደው ግራና፣ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ብርቄ ዘንድ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ መርሳ ባለ የግል ክሊኒክ ለመታከም በሬያቸውን ሊሸጡ ነው አሉ። ያለ በሬ ደግሞ ማሳቸው ጦም ያድራል። ሳይሸጥ መድረስ አለብኝ።

ሲሪንቃን ስናልፍ

ሾፌሩ የግል ሕክምና ወዳጅ ነው፤ የመንግሥቱ ወረፋ ያስመርራል ይላል። ከኋላው የተቀመጡ ሴትዮ ባለቤታቸው በጤና መድን ተኝተው ታክመው መዳናቸውን እያነሡ ሞገቱት። እኔ ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው አሽቷል፤ ሲያዩት ደስ ይላል።

መርሳ፣ ረፋድ

ለአክስቴ ብዬ የገዛሁት ማንጎ ባጃጅ ሳልይዝ ተጋመሰ። ክሊኒኩ ጎራ ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው ሞራ የሚገፈፈው ወልድያ፣ ሆስፒታል መሆኑን ነገረኝ። አክስቴ የጤና መድን እያላቸው በሬያቸውን ሊሸጡ መሆኑን አጫወትሁት።

«መድን ካላቸው በሬውን ምን አስሸጣቸው?» አለኝ።

ግራና፣ ቀትር

በሬው ደጅ ታስሯል፤ ተመስገን። እትዬ ብርቄ በድምፄ አውቀው ፊቴን ዳሰሱኝ። መድኑን ሳነሣባቸው ግን ተቆጡ።

«እሱማ የቀብሬ ነው ልጄ። በቁሜ ልብላው እንዴ?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የመድኑን መዋጮ የሚሰበስቡት የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ናቸው፤ ያውም በቅሬው መዋጮ ቀን። ቅሬ ደግሞ የሚቀብረን የሰፈር ማኅበር ነው። እትዬ ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። ባስረዳ ባስረዳ አልሰሙኝም፤ አያ ይመር ተጠሩ።

«ብርቄ፣ ይኸኛው የቁም ነው» አሏቸው። «ስትሞችማ እኛ አለንልሽ።»

እትዬ በሬው ከገመዱ እንዲፈታ አዘዙ። እኛም ጤና ጣቢያ ሄደን ወደ ሆስፒታሉ መላኪያ ወረቀት አስጻፍን።

ወልድያ፣ ከቀናት በኋላ

ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሾፌሩ አልዋሸም። ጠብታውንም ከግል ፋርማሲ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ፋሻው ተነሣ። እትዬ ብርቄ መስኮቱን አዩ፤ ነርሷን አዩ፤ አብረውን የመጡትን አያ ይመርንም አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «መቼ ነው የሸበትኸው?»