የደበሌ የትርፍ ድርሻ

ቀለምወርቅ ጅጅጋ ውስጥ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር መሸጥ የጀመረችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ባሏ ደበሌ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበር፤ እጁ ከናፍጣ ጠርቶ የማያውቅ፣ ከቀልድ በፊት ራሱ የሚስቅ ሰው። ከአዳማ ይዟት ሲመጣ «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሏት ነበር። ጅጅጋ ለሁለት ዓመት የመጣ ሰው ሃያ ዓመት ማስቀመጥ ታውቅበታለች።

እዚያ አገር ሌላው ቢጠፋ ነፋስ አይጠፋም። ከካራማራ በኩል ሲወርድ የሱቅ ሸራ ይገነጥላል፣ የሽንት ቤት ቆርቆሮ ያስኮበልላል። «ደበይል» የሚባል የነፋስ ኃይል አክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም (ሶማሌዎች ነፋስን እንዲያ ነው የሚሉት) ደበሌ ያላቸውን ጥሪት ገና ባልተተከለ ምሰሶ ላይ አፈሰሰው። አርባ አክሲዮን በእሱ ስም፣ አምስት በእሷ። ቀለምወርቅ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። እሱ ሳቀ። ምሰሶዎቹ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ሲተከሉም ብሎኑን ያጠበቀው እሱ ነበር።

በ2001 ክረምት ዕቃ ሊያመጣ ወደ ሽንሌ ሄደና ቀረ። የሄደበትን አይሱዙ ደራሽ ጎርፍ ገልብጦት አሸዋ ውስጥ አገኙት፤ በሩ ተከፍቷል፣ ሰው የለበትም። ጎረቤት ለልቅሶ ሲመጣ ቀለምወርቅ ደጃፏ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። አስከሬን ሳታይ አታለቅስም። ግትር ናት ተባለ። እውነትም ግትር ነበረች፤ ግን እኔ አልፈርድባትም።

ማኅበሩ መጀመሪያ የትርፍ ድርሻ የከፈለው በ2003 ጥር ላይ ነው። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ለባለአክሲዮኑ በእጁ ነው፣ ወራሽ የሚቀበለው ሟቹ መሞቱን የፍርድ ቤት ወረቀት ሲያመጣ ብቻ። ከባለአክሲዮኖቹ ብዙዎቹ ግን መታወቂያ የሌላቸው አርብቶ አደሮች ስለነበሩ አንድ ነገር ተፈቀደ፤ ሰውየው ይፈርማል፣ የሚያውቀው ሰው «እሱ ነው» ብሎ ይመሰክርለታል፣ አለቀ።

ቀለምወርቅ የአምስቱን ተቀበለችና የደበሌ ድርሻ እሱ እስኪመጣ እንዲቀመጥለት ለመነች። ገንዘብ ያዧ ዋርዳ መዝገቡን ገለጠችና ዛሬ ጠዋት መወሰዱን ነገረቻት። ፊርማው የእሱ ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጭራ እስከ መስመሩ መጨረሻ ጎትቷታል፣ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው። ከአጠገቡ የምስክሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ የማኅበሩ ዘበኛ የሮብሌ።

ሮብሌ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌ ነው፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነበር፣ ተሳስቶም አያውቅም ይባልለታል። ቀለምወርቅ ሄዳ ጠየቀችው።

«ሲስቅ ሰማሁት» አላት። «ደበሌ ነው። ስንጨባበጥ እጁ ርጥብ ነበር።»

በጥር ጅጅጋ ላይ ከአቧራ በቀር ጠብ የሚል ነገር የለም።

በዓመቱ፣ በክፍያው ቀን፣ ቢሮው ሳይከፈት ደርሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የገባውን ሁሉ ፊቱን አየች። ለሽንት እንኳ አልተነሳችም። ሊዘጋ ሲል መዝገቡን አስገለጠች፤ ፈርሟል። ዋርዳ በቁርአን ምላ አለቀሰች፤ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትቆጥርና ስታስፈርም እንደዋለች፣ የማንንም ፊት ልብ ብላ እንዳላየች ተናገረች። ሮብሌ ግን ተገርሞ ነበር።

«አጠገብሽ ቆሞ ነበር እኮ» አለ። «ብዙ ቆመ። የተነጋገራችሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። መጀመሪያ የያዛት ፍርሃት ነበር። ሲነጋ ግን ከፍርሃቱ የባሰ ነገር መጣ፤ ደስታ። በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ወይም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ዓይነት ነገር ሆኖ አለ። አንዳንዱ ሰው ሌባ ነው አላት፣ አንዳንዱ ጸበል ተረጪ አላት። አልሰማቻቸውም። ከዚያ በኋላ ዓመቱን የምትቆጥረው በዚያች ቀን ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ሄደች። እሱ ፈርሞ ሄዷል፤ እሷ አሁንም አላየችውም።

በ2005 ግንቦት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ዐብዲወሊ ማኅበሩ ለአሥር ዓመት የትርፍ ድርሻ እንዳይከፍል፣ ትርፉ ሁሉ ለሁለት አዳዲስ ምሰሶዎች እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ልጅ ማስተማሪያውን አሰበ፤ ግማሹ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ። ሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው ቀለምወርቅ ከወንበሯ ተነሳች። ዓመታዊው ክፍያ ከቀረ እሱም እንደሚቀር ገብቷታል።

«የእኔን አምስት ውሰዱት» አለች። «የደበሌን ብቻ በየዓመቱ ክፈሉ። ብሩን አልፈልገውም። መጥቶ ይፈርም።»

ዐብዲወሊ በሶማሊኛ አክስቴ ብሎ ሲመልስላት ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ኤዶ ቀለም፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ የለም።»

ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፤ ስም፣ የአክሲዮን ብዛት፣ ፊርማ፣ ከሥሩ «ይከፈል» ወይም «አይከፈል»። ወረቀቱ ተሰብስቦ እያንዳንዱ አክሲዮን እንደ አንድ ድምፅ ተደመረ። «አይከፈል» ያለው ወገን በሠላሳ ስምንት ድምፅ በለጠ።

ሰዉ ሲበተን ቀለምወርቅ አልሄደችም። ወረቀቶቹን ልያቸው አለች። ዋርዳ እንቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችላት። ቀለምወርቅ አንድ በአንድ አገላበጠች። የራሷን አገኘች፣ «ይከፈል» የሚለውን። ከእሱ ሥር ደበሌ የሚል ስም ነበር። አርባ አክሲዮን። ጭራዋ እስከ ጠርዙ የተጎተተች ፊደል። አርባው ባይጨመር ኖሮ ሐሳቡ በሁለት ድምፅ ይወድቅ ነበር።

«አይከፈል» ይላል፣ በገዛ እጁ ጽሕፈት።

ደጋግማ አነበበችው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወረቀቱን አስተካክላ ለዋርዳ መለሰችላት።

«መመላለሱ ደክሞት ይሆናል፣ እሺ» አለች። «ግን ፊቴን አይቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»