ባዶውን ያልተመለሰ ድስት

ልጅ ሳለሁ ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ጋዙ መዘጋቱን ሁለቴ ሳላይ አልተኛም፤ መንገድ ስሻገርም መኪናው ካለፈ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ድፍረት ልጻፍ ቢል ሊያስቅ ይችላል። ቢሆንም አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ የፈራሁትን ነገር ፊት ለፊት ተናግሬአለሁና ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያኔ የምንኖረው ቀበና ወንዝ ዳር ነበር። ውኃው ከእንጦጦ ጠርቶ ይወርዳል፤ እጅ ሲነክሩበት አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ እትዬ ለተ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ ወታደር አግብተው አዲስ አበባ የመጡ፣ ባላቸው ሲሞት ልጅም ዘመድም ሳይኖራቸው በዚያች ጭቃ ቤት የቀሩ ሴት ናቸው። ሲመሻሽ፣ እናቴ ራት እስክታቀርብ፣ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ከሰሉ ሲንጣጣ ስለምፈራ ከምድጃው ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ እያበራ ስለ ባሕር ይተርኩልኛል። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ የቀበናን ወንዝ በሐሳቤ አሰፋዋለሁ፣ አሰፋዋለሁ፣ ማዶው ሲጠፋብኝ እደነግጥና እተወዋለሁ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ደጋግሜ የማስነግራቸው የሸርጣኗን ነበር። የባሕር ንጉሥ ዓሣ ነባሪ አንድ ቀን «በፊቴ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይለፍ፤ ይህን ያልወደደ ጀርባውን ሰጥቶ ይሽሽ» ብሎ አወጀ። ዓሣው አንገቱን ደፋ፣ ኤሊው ደፋ፣ ሌላው ሸሸ። ትንሿ ሸርጣን ግን አልሰገደችም፣ አልሸሸችም፤ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል በጎን በጎን እየሄደች አለፈች። ይኸው እስከ ዛሬ አካሄዷ እንደዚያው ነው።

«አትፈራም ነበር?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«ትፈራለች እንጂ ልጄ። ባትፈራ በጎን ለምን ትሄዳለች?»

እትዬ ለተ ሸርጣን ይበሉ ነበር። የቀበና ሸርጣን የባሕሩን አያህልም፣ ቢሆንም ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ ከድንጋይ ሥር እየለቀሙ ያወጡታል፤ እኔ ጣሳውን እይዛለሁ። አንድ ዓመት ድስታቸው ተሰንጥቆ ስለነበር የእናቴን ብረት ድስት ተዋሱ። ከሥሩ ጠጠር ደረደሩ፣ በላዩ የተላጠ የወይራ ጭራሮ አጋደሙ፣ ጨው ያለበት ውኃ ጥቂት አፈሰሱና ሸርጣኖቹን ከውኃው በላይ አስቀምጠው የክዳኑን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ አፈኑት።

«ውኃ ከነካው ጣዕሙን ውኃው ይወስደዋል፤ እንፋሎቱ ይበቃዋል» አሉኝ።

ክዳኑ ሲነሣ ጭቃ ይመስል የነበረው ነገር እንደ በርበሬ ቀልቷል። እግሩን በድንጋይ ሰብረው ነጩን ሥጋ ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በላሁ። ከዚያ ዓይኔን ገልጬ ሌላ ለመንኩ።

በሰፈራችን የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሌላው ቢጠፋ አንድ እፍኝ ቆሎ ይደረግበታል። እትዬ ለተም ድስቱን አጥበው፣ ትልልቆቹን አራት ሸርጣኖች መርጠው ከተቱበትና «ለእናትህ ስጥ» ብለው አስያዙኝ። በቤታቸው ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም። ድስት ባዶ መመለስ ነውር ነው ብለው የተጨነቁት ሴት ከዚያ የባሰ ነውር ሊመጣ ይችላል ብለው አላሰቡም።

ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ፣ የእድራችን ዳኛ ሚስት፣ እናቴ ጋ ተቀምጠዋል። «እስቲ ምን ላኩልሽ» ብለው ክዳኑን ያነሡት እሳቸው ናቸው። ድስቱ ተወርውሮ አጥር ሥር ሲወድቅ ብቻ አየሁ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቃል ያወራ ነበር፤ መተት። ሸርጣንን ማን ይበላዋል? ስለዚህ ምግብ አይደለም፤ ለክፋት የተላከ ነገር ነው ተባለ። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ እትዬ ለተን ከመዝገብ ለመፋቅ ነበር። ዘመድ ለሌለው ሰው ከእድር መፋቅ ማለት ሬሳውን የሚያነሣ ማጣት ነው። እናቴ ከቤት ስንወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች «አንተ አልበላህም። ምንም አታውቅም። ሰማኸኝ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነበር።

ዳኛው ጋሽ ወልዴ እትዬ ለተን አስነሥተው ጠየቋቸው።

«ምግብ ነው» አሉ እትዬ ለተ። «እኔን ያሳደገኝ ምግብ ነው። በእሱ አላፍርም።»

«ታዲያ ከእርስዎ ሌላ የበላ ሰው ያምጡልን» አሉ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መካከል።

እትዬ ለተ ወደ እኔ አላዩም። አንዴ እንኳ አላዩም። አፈር አፈሩን አዩ። እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ይህ ነው፤ በአንድ ቃል «ይህ ልጅ በልቷል» ሊሉ ሲችሉ አላሉም።

ከእናቴ ነጠላ ሥር ወጣሁ። ፊት ለፊት መሄድ ስላልቻልኩ በሰዎቹ ጉልበት መካከል በጎን በጎን እየተሹለከለክሁ ዳኛው ፊት ደረስኩ።

«እኔ በልቻለሁ» አልኩ። «ሁለት። ይጣፍጣል።»

ጋሽ ወልዴ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱኝ። «ሆድህን አላመመህም?»

«አሁን ነው ያመመኝ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ዳኛው ራሳቸው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «መተት ቢሆን ልጁ ይህን ያህል አይፋፋም ነበር» አለ አንዱ። መዝገቡ ተከደነ። የእትዬ ለተም ስም አልተፋቀ። እትዬ አስካለ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ውኃ እንኳ አልጠጡም።

እናቴ እጄን ይዛ እስከ ቤት ጎተተችኝ። እገረፋለሁ ብዬ ጥግ ይዤ ስጠብቅ፣ ወጥታ ድስቱን ከአጥር ሥር አነሣች፣ በአመድ ፈትጋ አጠበችው፣ ሽሮ ሠርታበት እስከ አፉ ሞላችው። ሰፈርተኛው ደጅ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ ድስቱን በሁለት እጄ አስያዘችኝ።

«ለእትዬ ለተ አድርስ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። «ባዶውን እንዳይመልሱት ንገራቸው።»

ድስቱ እትዬ ለተ እስኪሞቱ ድረስ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሲመላለስ ኖረ። ሲሞቱም እድሩ ቀበራቸው፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ሲ.ኤም.ሲ ልጄ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከጅቡቲ በበረዶ የመጣ ሸርጣን ገዝታ ገባች፤ እንዴት እንደሚሠራም አታውቅም። ጭራሮ ስለሌለ ሹካ አጋድመን፣ የክዳኑን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ አፈንነው። ሽታው ሲነሣ ልጄ ከሳሎን ተጣድፎ መጣ። «አባዬ፣ ጎረቤት ምን ይላል? መስኮቱን ዝጉት እንጂ።»

ጋዙን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ከዚያ ሄጄ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።