የኪዳነ ምሕረት ተልባ

የምሥራች! ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለተገጣጠሙ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ የዛሬውን የኪዳነ ምሕረት ዝክር ለእኛ ሲሉ ከመግሪብ በኋላ አደረጉት። አሁን ተልባ ሲቆሉ ሽታው አጥር ዘሎ መጣና ልጅነቴን አስታወሰኝ።

በገና እሳቸው ቤት ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ ነበር የሚቀርብልን። የእኔ ምኞት ግን ከልጃቸው ከሰላም ጋር መብላት ነበር። አንድ የካቲት በሁዳዴ፣ የተልባ ፍትፍቱ ለሁላችንም በአንድ ትሪ መጣ። እጄን ሰብስቤ እማዬን አየኋት።

«ቢስሚላህ በይና ብዪ ሀያቴ፣ ዛሬ ቢላ አልወጣም» አለችኝ።

ሰላምም «ኧረ ልጨርሰው ነው!» አለች።

እየጎረስኩ ገረመኝ፤ ቢላና ተልባን ምን አገናኛቸው? የሚለየን የሥጋው አስተራረድ ብቻ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሚሴ ያላችሁ ማታ ኑ! ራቅ ያላችሁም በዚህ ሥጋ በሌለበት ሰሞን፣ ለብቻው የምታቀርቡለትን ጎረቤት ወደ ትሪያችሁ ጥሩት።