ፓስታ ያልገባበት ሾርባ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ በርበሬ የበዛበት የበሬ ሥጋ ሾርባ ጥጄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጣድኩ፤ ሽታው አብነት ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

አባቴ ወጥቶ ከቀረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እናቴ የሚወደውን ሾርባ ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ላይ ታንተከትካለች። ርቦኝ ፓስታውን ልሰብር ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይ! ፓስታው አባትሽ በር ሲያንኳኳ ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ያብጥና ሾርባውን ይጠጣዋል።»

«ባይመጣስ፣ እማዬ?»

ድስቱ ላይ ውሃ ጨመረች። ቀይ የነበረው ሾርባ ቀጥኖ ውሃ እስኪመስል ድረስ በጎደለ ቁጥር ጨመረች። ያን ቀን ጠላኋት።

ልጄ ከትናንት ወዲያ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ፓስታውን በእጄ እንደያዝኩ በሩን አያለሁ። ሾርባው ጎደለ። ውሃ ጨመርኩ።