የእድራችን አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየር ሲሞቅ ይሸታል። ሳይከፈት የከረመ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የተኛው አቧራ መቃጠል ይጀምርና፣ ካውያ የቆየበት ጨርቅ ዓይነት ሽታ ያወጣል። ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ የራሴን ስከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ጊታሬን እንዳቀፍኩ ሳልጫወት ቁጭ አልኩ። ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "ምን ሆነህ ነው?" ብትለኝ "ቆይ፣ እነግርሻለሁ" አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃል አይመለስም።

እቃ አይጎድለኝም። ከባንድ ጋር ከከተማ ከተማ ስዞር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሦስት ጊታር አለኝ፤ ቀዩ ለጭፈራ፣ ጥቁሩ ለትዝታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ሲያኮርፉ። በእግሬ የምረግጣቸው ስምንት ፔዳሎች አሉኝ። አንዱ ድምፅ ያስተጋባል፣ አንዱ ያሻክራል፣ አንዱ ያንቀጠቅጣል፤ የቀሩትን ለምን እንደገዛኋቸው ለባለቤቴም ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። የአውቶቡሳችን ሾፌር ሁሉንም በአንድ ላይ "ኮተት" ነው የሚላቸው። ከመድረክ ስወርድ ወጣት ጊታሪስቶች ይከቡኝና "ከሁሉ የሚወዱት የትኛውን ነው?" ይሉኛል። እንዲያምርብኝ የውጭ አገሩን አምፕሊፋየር እጠራላቸዋለሁ። እዋሻለሁ። ከሁሉ የምወደው የኔ አይደለም፤ የሰፈራችን እድር ንብረት ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአየር ጤና አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ጎሚስታ ነው፤ አየር ጤና አንድ ጋራዥ በር ላይ የመኪና ጎማ ሲለጥፉ ይውላሉ። የእድር አባል ሲሞት ግን ጎማውን ጥለው ለቅሶ ይለፍፋሉ። ጥሩምባ ነፊ ይባሉ እንጂ ጥሩምባቸው ምስማር ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። እድሩ በእንጨት ሣጥን የተሠራ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ገዝቶላቸው ነበር። እሳቸው ከመኪና ባትሪ ጋር ጋሪ ላይ አሰሩት፤ አናቱ ላይ አፉ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ ትልቅ ስፒከር ሰቀሉበት። ያንን እየገፉ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር።

ማሽኑ ዓመል ነበረበት። ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል። ግራ ጎኑን በመዳፍ ጠፍ ሲያደርጉት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ያሰማና ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ያወራል። ሰፈሩ ያንን ጩኸት እንደ ስሙ ያውቀዋል። "አርፈዋል" የሚለውን ቃል የሚጠብቅ የለም። በጩኸቱ ብቻ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው በር ላይ ይገኛሉ።

እኔ ጊታር ነበረኝ፤ ድምፅ ግን አልነበረኝም። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ብትሰሙት መስኮት ላይ ጢዝ የሚል ዝንብ ነው። በእናቴ ቴፕ ላይ ሰክቼ ሞከርኩ፤ ቴፑ ሁለት ቀን ታገሰኝና በሦስተኛው ጭስ አውጥቶ ሞተ። እናቴ ለቴፑ ከልቧ አዘነች። በዚያ ላይ ፔዳል ካልሠራሁ ብዬ ተነሣሁ። ቆሼ አካባቢ ከሚሸጡ የተሰባበሩ ቴፖች የነቃቀልኩትን ሽቦና ብረታ ብረት በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ማሽን ሠራሁ አልኩ። አንድም ቀን አስተጋብቶ አያውቅም። የሰርዲኑ ሽታ ግን አልለቀቀውም።

በዚህ መሐል የአንድ ባንድ መሪ ጊታሪስቱ ትቶት እንደሄደ ሰማሁና ሄጄ ለመንኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ቅዳሜ አስኮ ሠርግ አለን። አምፕሊፋየርህን ይዘህ ና፣ እዚያው እሰማሃለሁ" አለኝ። "አለህ አይደል?" "አለኝ!" አልኩት። እናቴ በበኩሏ ሰኞ አጎቴ ወፍጮ ቤት ሥራ እንድጀምር ጨርሳለች። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቅዳሜ ካልተሳካልኝ ሰኞ ዱቄት ውስጥ ነኝ።

ጥሩምባ ነፊው ዘንድ ሄድኩ። ጎማ ባኞ ውስጥ እየነከሩ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ።

"ጋሼ፣ ማሽኑን ለቅዳሜ ያውሱኝ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም። ለሠርግ ነው።"

ጎማውን ለቀቁትና ውሃው ሸሚዜ ላይ ተረጨ። "ለሠርግ? አንተ ልጅ፣ ይቺ እኮ የለቅሶ ማሽን ናት!"

ስለ ወፍጮ ቤቱ ነገርኳቸው። ስለ ቅዳሜው ነገርኳቸው። ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ አፍራለሁ ግን እውነት ነው። ጎማውን አገላበጡ። ከዚያ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። "መጀመሪያ ተለማመድባት። በውስጥ ስፒከሯ ብቻ! የላይኛውን ገመድ መጀመሪያ ንቀለው፣ ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። ሰምቼም ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ፣ በድንኳንና በትላልቅ ድስቶች መሐል ማሽኑን ሳየው ግን ገመድ መንቀሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ጋሪው ሰፊው መስኮት ስር ነበር የቆመው፤ የላይኛው ስፒከር አፉን ወደ መንገዱ ከፍቷል። ጊታሬን በሰርዲኑ ቆርቆሮ በኩል ሰካሁ። ከፈትኩ። ዝም አለ። ግራ ጎኑን ጠፍ አደረግኩት።

ጮኸ። እኔ ምን ቸገረኝ! ጩኸቱ አልፎ የመጀመሪያውን ክር ስመታ፣ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ትልቅ ድምፅ ደረቴን ገፋው። ዓይኔን ጨፍኜ ትዝታ መጫወት ጀመርኩ። ጥቂት እንደቆየሁ ከሩቅ የሚመለስ ድምፅ ሰማሁ፤ ረጅም፣ የሚርገበገብ፣ ሐዘን ያለበት። እኔ ስመታ ይነሣል፣ ዝም ስል እንኳ ይቀጥላል። ቆርቆሮው ሠራ! አስተጋባ! ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ መታሁ፤ እሱም ይበልጥ አለቀሰ።

ለካ ሰፈሩ ነው የሚያለቅሰው።

የሆነውን በኋላ ሰበሰብኩት። ጩኸቱ እንደተሰማ ሰው ሁሉ ወጣ። "ማን ነው? ማን ነው?" ቢባል የሚያውቅ የለም። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ስምንት ወር አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩና፣ ሁሉም ልቡ ወደሳቸው ሄደ። አንዷ ጎረቤት ስማቸውን እየጠራች ጀመረች፤ ሌላው ተከተለ፤ እያለቀሱ ደጃቸው ሲደርሱ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ራሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። "ማን ነው የሞተው?" አሉ። ስማቸውን ስትጠራ የነበረችው ሴትዮ እያየቻቸው ትንሽ አለቀሰች፤ አንዴ ከተጀመረ ማቆም ያስቸግራል። የሞተው አልታወቀም ሲሏቸው "ታዲያ እድሩ ጋ ሄደን እንጠይቅ እንጂ!" ብለው ከፊት ቀደሙ። ያን ሁሉ ወር ሽንት ቤት እንኳ ተደግፈው ነበር የሚሄዱት።

የዕቃ ቤቱ በር ሲበረገድ ዓይኔን ገለጥኩ። ከፊት የቆመችው እናቴ ነበረች፤ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"አንተ ነህ?" አለችኝ።

ጥሩምባ ነፊው የጎማ መፍቻ ብረት እንደያዙ እየሮጡ ደረሱ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ያልተነቀለውን ገመድ አዩ። ይመቱኛል ብዬ ራሴን ሸፈንኩ። እሳቸው ግን ጋሪው ላይ የተንጠለጠለውን ማይክ አነሡና እጄ ላይ አስቀመጡት። "ማንም ሳይሞት ሰፈር ያስለቀስከው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው።"

"ምን ብዬ?"

"እውነቱን ነዋ!"

"የ... የእድራችን አባላት፣ ማንም አልሞተም" አልኩ። ድምፄ ከመስኮቱ ወጥቶ መንደሩን ዞረ።

"ድገመው። ሦስት ጊዜ ነው ደንቡ።"

ሦስት ጊዜ ለፈፍኩ። በሦስተኛው ሽማግሌው "ተመስገን" አሉ፤ ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን እያስተካከለች "ሰኞ ወፍጮ ቤት" አለችኝ።

አርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ደንቡን አነበቡ፤ ማሽኑ ከለቅሶ ውጭ ለምንም አይውልም፣ ልጁም ሁለተኛ ዕቃ ቤት አይግባ አሉ። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጥሩምባ ነፊው ተነሡ። ሞት ለፍፈው እንጂ ንግግር አድርገው አያውቁም፤ እጃቸው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቷቸው ነበር።

"ድንኳናችን ለሠርግም ይተከላል፣ ለለቅሶም ይተከላል" አሉ። "ድስቱም፣ ወንበሩም እንደዚያው። ይቺ ማሽን ምን አጥፍታ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ሞት ብቻ የምታወራው?"

ሽማግሌው ከጥግ ከዘራቸውን አነሡ። "እኔን ስምንት ወር ማንም አላስነሣኝም። ይሄ ልጅ በአንድ ከሰዓት አስነሣኝ። ስጡት በቃ!"

ሰጡኝ። ጥሩምባ ነፊው ግን አምነው አልለቀቁልኝም፤ ቅዳሜ ማሽኑን በጋራዡ ፒክአፕ ጭነው፣ ሙሉ ልብስና ክራባት አድርገው አስኮ ድረስ አብረውኝ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከማሽኑ ጎን እንደ ሚዜ ቆሙ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የባንዱ መሪ በዓይኑ "ያንተ ተራ" አለኝ። ክሩን ስመታ ድምፁ ጠፋ። እጄ ይሮጣል፣ የሚሰማ የለም። የባንዱ መሪ ፊቱን አዞረ። ያኔ ጥሩምባ ነፊው እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራ ጎኑን ጠፍ አደረጉት።

ያ ጩኸት ድንኳኑን ሰነጠቀው። ከሰፈራችን የመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ያዙ፤ አንዷ "ኧረ በስመአብ!" ስትል ሰማሁ። ጩኸቱ ሳያልቅ ጊታሬ ከውስጡ ወጣ፣ ሙሽሮቹም ሰዉም ተነሣ። ጎኔን ሳይ ጥሩምባ ነፊው አንድ እጃቸውን ከሣጥኑ ሳይለቁ እስክስታ ይመታሉ።

"ጣትህ ገና ነው" አለኝ የባንዱ መሪ ሲያልቅ። "ድምፁን ግን ከየት አመጣኸው?"

"ከእድር።"

አፈጠጠብኝ። ከዚያ "ሰኞ ልምምድ አለ፣ እንዳትቀር" አለኝ።

ስንመለስ ፒክአፑ ኋላ ላይ ማሽኑን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። "ዛሬስ ሳቅ ሰማች" አሉ ሣጥኑን እየዳበሱ። ከዚያ እጄን ያዙና ግራ ጎኑ ላይ አስቀመጡት። "ከታች ወደ ላይ ነው፣ ብዙ አትጫናት። ልመድ። የኔ ቀን ሲደርስ ማን ይመታታል?" እኔ ሰኞን እያሰብኩ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዞርኩ፣ ብዙ ኮተት ገዛሁ። ሽማግሌው ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ባገኙኝ ቁጥር "መቼ ነው የምትመታልን?" ይሉኝ ነበር። እናቴም ሁለት ጊዜ ሠርግ ላይ መጥታ ሰምታኛለች። እድሩ አሁን መርዶ በስልክ መልእክት ይልካል። ትልልቆቹ ግን መልእክቱን አያምኑትም፤ ማሽኑ ካልጮኸ ለነሱ ማንም አልሞተም።

ባለፈው ጥቅምት ከጉዞ በገባሁ ማግስት፣ ገና ጠዋት፣ የእድሩ ሰብሳቢ ደወሉልኝ። "ማሽኑ እምቢ ብሎናል። አንተ ታውቀዋለህ አሉ።"

"ጥሩምባ ነፊውስ?" አልኩ።

ሰብሳቢው "ና ብቻ" አሉኝ።

ጥሩምባ ነፊው ሌሊቱን ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። ጋሪው ከዕቃ ቤቱ ደጅ ቆሞ፣ የኮሚቴው ሰዎች ከበውት አገኘሁ። ቀኝ ጎኑን መተውታል፣ አናቱን መተውታል። ከፈትኩት። የአቧራው ሽታ መጣ። ግራ ጎኑን ከታች ወደ ላይ፣ ሳልጫን፣ ጠፍ አደረግኩት። ጮኸ።

በሮች ተከፈቱ። እናቴ ከደጃችን ወጣች፤ አርጅታለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። የነጠላዋን ጫፍ ልትዘቀዝቀው ይዛው ነበር። እኔን ከማሽኑ ጋር ስታይ ለቀቀችው፤ ፊቷ በራ።

"ደግሞ አንተ ነህ?" አለችኝ እየሳቀች። ወደ ጎረቤቶቿ ዞረችና እጇን አወዛወዘች። "ግቡ፣ ግቡ፤ ልጄ ነው። ማንም አልሞተም!"

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቅኋት።