የቡታጅራ ወረቀት አጣፊዎችና የእኔ ቅናት

ቅዳሜ ጠዋት ከወልቂጤ መናኸሪያ ስነሳ ለባለቤቴ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብያት ነበር። ውሸቴን ነው። የሄድኩት ሙና ቡታጅራ ላይ ያቋቋመችውን የወረቀት ማጠፍ ማኅበር አይቼ እንከን ልፈልግለት ነው።

ሙና ተማሪዬ ነበረች። ወልቂጤ በበጎ ፈቃድ በምመራው ማኅበር ውስጥ ከወረቀት እርግብና ጀልባ መሥራት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አግብታ ቡታጅራ በገባች በዓመቷ ስልሳ አባላት አፈራች። የእኔዎቹ አራት ቀርተዋል፤ እነሱም ከቀሩ መዝጋቴ ነው። ምን ልደብቃችሁ፣ ቅናት አንጀቴን አሳርሮታል።

አረቅጥ፣ ሦስት ሰዓት

መኪና ለመቀየር ወረድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቆጮ በጎመንና በአይብ አዘዝኩ፤ ጥሩ ነበር፣ እኔን ግን አልጣመኝም። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ቡታጅራ።»

«ደግ አገር ነው። ሰዉ ሥራ ይወዳል» አሉኝ።

እሱንም እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

ቡታጅራ፣ ስድስት ሰዓት

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ!» ሙና ማኅበሩ በተዋሰው አዳራሽ በር ላይ ተቀበለችኝ። ውስጡ ጢም ብሏል። ወረቀታቸው ያለቀ ደብተር ነው፤ የእርግቦቹም ክንፍ የተንሻፈፈ ነው። ደስ አለኝ።

አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት ወረቀቱን ገልብጠው ሲያጥፉ ሳይ እጄ ሊቀማቸው ተዘረጋ። ሙና እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ይተዉዋቸው ጋሼ። እዚህ የሰው ወረቀት አይነካም። አስተማሪው የራሱን ያጥፋል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያጥፋል።»

«ጠመመ እኮ!»

«ቢጠምም የራሳቸው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ጋ ሁለት ዓመት ስማር አንድ እርግብ እንኳ ራሴ አልጨረስኩም። ያማሩት ሁሉ የእርስዎ ነበሩ።»

ፊቴ ጋለ። በንቀት ብትናገረው ኖሮ እቆጣት ነበር፤ እሷ ግን ምሳ እንድበላ ለመነችኝ።

ወልቂጤ፣ እሑድ

ወደ ቤት በተመለስኩ ማግስት ከአራቱ ሁለቱ መጡ። ልብስ ሰፊው ከድር ክንፉን በተቃራኒ አጠፈው። እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። እጆቼን ያወጣኋቸው የራሴን ወረቀት ለማንሳት ነው፤ እሱን ፈትቼ ደግሜ እያጠፍኩ አሳየሁት። ሰዓት ፈጀ፤ የወጣችው እርግብ ጭንቅላቷ የት እንደሆነ አይታወቅም።

«ልጆቼ ይዩልኝ» ብሎ በጥንቃቄ ኪሱ ከተታት። «ሳምንት ወንድሜንም አመጣዋለሁ።»

ሰዎቹን ያባረርኳቸው እኔው ራሴ እንደሆንኩ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። ከድር እየሳቀ ሲወጣ አየሁት፤ እኔ በሠራኋቸው እርግቦች ሁሉ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። በእሱም ቀናሁ።