ዝሩ ያለውን ሰው ለማየት

የራዲዮ ጣቢያው ዘበኛ ሰውየውን ከጠዋት ጀምሮ በጎሪጥ ሲያየው ቆየ። ጭቃ የደረቀበት ጫማ ተጫምቶ፣ ትንሽ ራዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። ኪሱ አብጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ነው የያዝከው?»

«የበቆሎ ዘር ነው ጋሼ። ‹ዝናብ ደርሷል፣ ዝሩ› ይለናል የእርሻ ፕሮግራሙ አቅራቢ። አምና አምነነው ዘርተን ፀሐይ በላው። አሁን የቀረኝ ግማሽ ጆንያ ነው።»

«ታዲያ ልትደበድበው መጣህ?»

«ኧረ በስመአብ! ምን ለብሶ እንደሚወጣ ለማየት ነው።»

ዘበኛው አላመነውም፤ ዱላውን ጠበቅ አደረገ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አቅራቢው ወጣ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ የዝናብ ልብስ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ቦቲ ጫማ ተጫምቷል።

«ተመስገን! ዘንድሮስ ራሱም አምኖበታል» አለና ሰውየው ወደ ማሳው ገሰገሰ።

ዘበኛው ጥርት ያለውን ሰማይ በጎሪጥ አየና፣ አጥሩ ላይ ያሰጣውን ካፖርቱን አነሳ።